የአርባው ቀን የቱምባክ ጾም በማንሺያ

በዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ገናናው ያረጋል፣ ዐቃቤ ኆኅት ዘማንሺያ፣ የሦስቱ ቁልፎች ጌታ፣ ባለ አረንጓዴው የውሃ ጎማ፣ ከጎጃም ወጥተው፣ መተማን ተሻግረው፣ በገዳሪፍ አንድ ዓመት ሰሊጥ አጭደው፣ በካርቱም ምሥራቅ፣ በማንሺያ ሰፈር፣ በዐባይ ዳር በቆመው በነጩ ቪላ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር በነገሡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የቪላው ጄኔሬተር ለሁለተኛ ጊዜ በተቃጠለ በስድስተኛው ወር፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ አስፋልቱ የድመት መዳፍ በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ይህ ዜና ሆነ። ሌሎች ጸሐፍት ስለ ነገሥታት ዘመቻ ብራና ሲጨርሱ ኖረዋል፤ የዚህ ዜና ጸሐፊ ግን በአጠገቡ ግቢ በር ላይ ተቀምጦ በዓይኑ ያየውን ይጽፋል፤ ያየውም አንድ ሰው ከገዛ ከንፈሩ ጋር ሲዋጋ ነው። ያላየውን አይጨምርም፤ ትንሽ ቢጨምርም ለክብር ነው።

የጀግናው ጠላት ቱምባክ ይባላል። ይህም ዐትሩን ከሚሉት የበረሃ ጨው ጋር ታሽቶ፣ በጣት ድብልብል ተደርጎ፣ በታችኛው ከንፈርና በድድ መሐል የሚወተፍ እርጥብ ትምባሆ ነው። ጀግናው በተሾሙ በመጀመሪያው ወር ከጎረቤት ዘበኛ እጅ አንዲት ድብልብል ለእንቅልፍ ማባረሪያ ተቀብለው፣ ያን ቀን አስታውኳቸው፣ በማግስቱ ደግመው፣ በሳምንቱ ለምደው፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ሥርዓተ ጸሎት በሰባት ጊዜያት ከፋፍለው፣ አንድ በነግህ፣ አንድ በሠለስት፣ አንድ በቀትር፣ አንድ በተሰዓት፣ አንድ በሠርክ፣ አንድ በንዋም፣ አንድም በመንፈቀ ሌሊት፣ ሳያጓድሉ ይወትፉ ነበር። በእውነት እንናገር ከተባለ፣ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በዚህ ትጋት የጠበቀ መነኩሴ ጸሐፊው አያውቅም።

ወእምዝ፣ ከጃሚዓ፣ ማለት ከዩኒቨርሲቲው፣ አንድ የሐኪሞች ጉባኤ ተነሥቶ፣ ሰው አኗኗሩን ቢያርም ካንሰርን ሳይገባ ከደጅ ሊመልሰው ይችል እንደሆነ ሊመረምር ወድዶ፣ ዛሂራን መልእክተኛ አድርጎ ላከ። ይህችም ዛሂራ እናቷ ከወሎ የሰው ቤት ልትሠራ የመጣች፣ እርሷ ግን በካርቱሙ ሰፈር በቡሪ ተወልዳ በቡሪ ያደገች፣ አረብኛዋ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ አማርኛዋ ግን እንደ ታላቅ እህት ጫማ የሚሰፋት፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ነበረች። ከቡሪ እስከ ማንሺያ በር ለበር እየዞረች፣ የዘበኞችን ከንፈር እየገለበጠች በትንሽ መስተዋት ስታይ፣ ምራቃቸውንም ትምባሆ ሲያገኝ በሚጠቁር ወረቀት ስትመረምር ሰንብታ፣ በሚያዝያ ሃያ ሦስት ከያረጋል ደጅ ደረሰች፤ ጀግናውም ለቪላው ባለቤት እንኳ በወጉ ያልሰበሩትን አንገት ሰበር አድርገው ከንፈራቸውን ገለጡ። በዚያም የአተር ክክ የምታህል ነጭ ሻካራ ምልክት ተገኘች። ዛሂራ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያም በደጁ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ስትል ዐዋጅ ነገረች፦

«ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ! እኔ ዛሂራ ነኝ፣ የቡሪ ልጅ። ይሄ ቱምባክ ከንፈር ይበላል፣ በኋላ ካንሰር ይሆናል። ዐሚ ያረጋል ጋ ያለው ነጩ ነገር ገና ካንሰር አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ። አርባ ቀን ቱምባክ ከተዉ ብቻውን ሊሄድ ይችላል፣ ኢንሻአላህ። ካልሄደ ዶክተሩ ይቆርጠዋል፣ ከከንፈሩ ጋር፣ ወላሂ አልዋሽም። ወረቀቱ ላይ ሌላም አለ፦ መራመድ፣ ቅጠላ ቅጠል መብላት፣ ሱካር መቀነስ። ታማም? ያላ፣ እዚህ ጋ ፈርሙ።»

ያን ጊዜ ጀግናው ፈሩ። ጸሐፊው ይህን አይሸሽግም፤ በወገባቸው ያሉት ሦስቱ ቁልፎች ተንቃጨሉ። የፈሩት ግን ሞትን አይደለም፤ የፈሩት ስለ ኤደን ነው። ኤደን ሴት ልጃቸው ናት፤ በስምንት ወሯ በእናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች ጉንጯን ስመዋት ወጡ፤ አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት በየእሑዱ በስልክ መቼ እንደሚመጡ ትጠይቃለች፤ ለሚመጣው ጥምቀት ብለውም ቃል ሰጥተዋታል። ከንፈሩን የተቆረጠ አባት ልጁን በምን ይስማታል? ይህን እያሰቡ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያንኑ አንድ ሥር አበባ ሲያጠጡ ዋሉ፤ አበባውም ሰጠመ።

ስለዚህም በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤውም የተደረገው በመንገዱ ማዕዘን ባለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ከወሎ ወረባቦ በመጣችው በመዲና ሻይ ቤት ነው፤ ቤት መባሉም ለክብር ነው እንጂ ያለው አንድ የከሰል ምድጃ፣ ዐሥር ብርጭቆና በገመድ የተጠለፉ በንበር የሚባሉ አጫጭር መቀመጫዎች ናቸው። የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ኑርሁሴን ዘቡሪ፣ የባለ ሦስት እግሩ ሠረገላ የረክሻ ጌታ፣ ከያረጋል ጋር በመተማ በኩል አብሮ የተሰደደ ወንድም፣ በቱምባክም ከሁሉ የሚበልጥ፤ ሁለት መኪና አጣቢዎች ከነባልዲያቸው፤ የአትክልተኞች አለቃ በየነ ከነመቀሱ፤ የጎረቤት ቪላ ወጥ ሠሪ የሻሽወርቅ፣ ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች፤ አማርኛ የማይሰማ ነገር ግን ጥላውን የወደደ አንድ ሱዳናዊ ዳቦ አዟሪ፤ የውሃ ሻጩ አህያ፤ በመጨረሻም የዚህ ዜና ጸሐፊ።

ጉባኤውም የዛሂራን ወረቀት በየአንቀጹ መረመረ። መራመድ የሚለው፣ ዘበኛ ከተራመደ በሩን ማን ይጠብቃል ተብሎ ታለፈ። ቅጠላ ቅጠል መብላት የሚለው፣ ዓመቱን ግማሹን የሚጾም ሕዝብ ከዚህ ወዲያ የቀረው ቅጠል የኒሙ ብቻ ነው ተብሎ ታለፈ። ሱካር በተባለ ጊዜ ግን መዲና ከምድጃዋ ተነሥታ እንዲህ ስትል ዐዋጅ ነገረች፦ «ሱካር የሚጠላ የራሱን ሻይ በቤቱ ያፍላ! እዚህ ብርጭቆ ላይ አራት ማንኪያ ነበር፤ ለዶክተሮቹ ክብር ብዬ ሦስት አድርጌዋለሁ። ካላስ፣ ከዚህ በታች ሻይ አይባልም።» ሕዝቡም ስለ ቸርነቷ አመሰገናት።

ከዚያም ቱምባክ ላይ ደረሱ። አርባ ቀን የሚለውን ቍጥር ክርስቲያኑ ከሕፃንነቱ ያውቀዋልና፣ እስላሙም ከጎረቤቱ ሰምቶታልና፣ ነገሩ ጾም እንደሆነ አንድም የተጠራጠረ አልነበረም፤ አርባ ቀን የሚከለከሉት ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጾም ከሆነ ደግሞ ሕግ ያሻዋል። ጸሐፊው በዚህ መሐል ተነሥቶ ያለነው በበዓለ ሃምሳ ነው፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም ብሎ ቢከራከርም፣ ይህ የሐኪም ጾም እንጂ የሃይማኖት አይደለም ተብሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያም ኑርሁሴን ጉሮሮውን ጠርጎ ሕጉን እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«ቢስሚላህ። ፊጥር፣ መፍቻ፣ የሌለው ጾም እኔ ወላሂ ሰምቼ አላውቅም። እስላሙ ከፈጅር እስከ መግሪብ ይታገሣል፤ አዛን ሲል ይይዛል። ክርስቲያኑ በሕጉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ቅዳሜና እሑድ ደሞ ከጠዋት ይፈታለታል። ሁሉም በየሃይማኖቱ ይጹም፣ አላህ ከሁላችንም ይቀበለን። ያላ።»

ፍርዱ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ጾም ያለ ቅበላ አይገባምና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ልደታ ድረስ ሳምንቱን ሁሉ ቅበላ አደረጉ፤ ጀግናውም ሰባቱን ዐሥራ አራት አድርገው፣ ከንፈራቸው እንደ ገንፎ ተነፍቶ፣ የቪላው ባለቤት ስለ ጄኔሬተሩ ሲጠይቃቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሱ ነበር። ከረክሻው ጀርባ የተቀመጠ ተሳፋሪም ኑርሁሴን ወዴት ልሂድ ብሎ ሲጠይቅ መስማት ተሳነው።

በግንቦት ሁለት፣ በልደታ ማግስት፣ ጾሙ ገባ። ጀግናውም ከነግህ ጀምሮ ታግሠው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ድብልብሏን አዘጋጅተው በመዳፋቸው ይዘው፣ የስልካቸውን ሰዓት እያዩ፣ ዘጠኝ ሲደወል በስመ አብ ብለው ወተፏት፤ የቀሩትንም ስድስቱን እስከ መኝታ ድረስ አጨናንቀው ጨረሱ። ኑርሁሴንም አዛን በተባለ ቁጥር ረክሻውን በመንገድ መሐል አቁሞ፣ ተሳፋሪው ከኋላ እየጮኸ፣ የቀኑን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይይዝ ነበር። ዐሥር ቀን እንዲህ ጾሙ፤ ሁሉም ራሱን አደነቀ፤ አንዳንዶቹም ከጾሙ የተነሣ ፊታቸው እንደበራ ይነጋገሩ ጀመር።

በዐሥረኛው ቀን ዛሂራ መስተዋቷንና የምራቅ መመርመሪያ ወረቀቷን ይዛ መጣች። የያረጋል ምራቅ የነካው ወረቀት ጠቆረ፤ ከመጀመሪያው ቀንም ይልቅ ጠቆረ። ወረቀቱ ተበላሽቷል ብላ በራሷ ምራቅ ሞከረችው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ጀግናው ምንም ነገር ሳይደብቁ፣ እንዲያውም በኩራት፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ሕግ፣ የቅዳሜና የእሑዱን መፈታት፣ የኑርሁሴንን መግሪብ፣ የቅበላውንም ሳምንት ሳይቀር አንድ በአንድ አስረዷት። ዛሂራ በመዲና በንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያም ተነሥታ ሁለተኛ ዐዋጇን ነገረች፦

«ያ ረብ! ያ ጀማዓ፣ ምን ነካችሁ? ይሄ ጾም አይደለም! መግሪብ የለውም! ዘጠኝ ሰዓት የለውም! ቅዳሜ እሑድ የለውም! ቱምባኩ ሰዓት አያይም፣ ማታ የያዝከውም ይበላሃል! ቱምባክ ማፊ፣ የለም! ጠዋት ማፊ፣ ማታ ማፊ፣ በዒድም ማፊ! ዐሚ ያረጋል፣ ነጩ ነገር ትንሽ ሰፍቷል። እኔ ሲቆርጡ አይቻለሁ፤ ያንተን ማየት አልፈልግም፣ ወላሂ አልፈልግም!»

ድምጿ ተሰብሮ ስለ ነበር ማንም አልሳቀም። ፊጥር የሌለው ጾም በምድር ላይ መኖሩን ያን ቀን ሰሙ፤ ሰምተውም ደነገጡ፤ ደንግጠውም ተበተኑ። ኑርሁሴን በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደቀ። መኪና አጣቢዎቹ እስከ ዐሥራ ሁለት ተዋግተው ከነባልዲያቸው ወደቁ። በየነ ጠላቱን መቀሱን እየነከሰ ሁለት ቀን ተከላክሎ በሦስተኛው ወደቀ። የዚህ ዜና ጸሐፊ መቼ እንደ ወደቀ አይታወቅም፤ ስሙም አይጠቀስም። በሰልፉ ላይ ብቻቸውን የቀሩት ያረጋል ናቸው።

እርሳቸውም የቱምባኩን ቆርቆሮ ዘግተው በበሩ አጠገብ ባለው በትልቁ የአበባ ማሰሮ ሥር ቀበሩት፤ መጣልን ግን አልደፈሩም። በቱምባኩ ፈንታ ቅርንፉድ በከንፈራቸው ያዙ፤ ምላሳቸው ደነዘዘ። የቴምር ፍሬ ያዙ፤ አንዱን ዋጡት። በዐሥራ አምስተኛው ቀን የቪላውን ባለቤት መኪና ሌባ ነው ብለው በር ዘጉበት፤ ሰውየው ከመኪናው ወርዶ ስሙን እየተናገረ ሩብ ሰዓት ያህል በፀሐይ ቆመ። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን የውሃ ሻጩን አህያ ሰደቡት፤ ወዲያውም ተጸጽተው ይቅርታ ጠየቁት። ራስ ምታቱ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ፣ እጃቸው ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ሲሄድ፣ በቀን ሰባት ጊዜ፣ በየሰዓቱ፣ በሰባቱ ጊዜያት፣ ጠላት ከበር ላይ ይቆም ነበር። እርሳቸውም እስከ ማታ ድረስ ብቻ፣ እስከ ማታ ድረስ ብቻ እያሉ ይቆሙ ነበር፤ አርባው ሲያልቅ ፋሲካ አለ በሚል ተስፋ ብቻ ነበር የቆሙት፤ ይህን ለመዲና ነግረዋታል።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሀቡብ ተነሣ። ከበስተደቡብ እንደ ቀይ ግድግዳ የቆመው የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ሸፍኖ፣ የመዲናን ብርጭቆዎች አንከባልሎ፣ የኒሙን ቅርንጫፍ ሰብሮ፣ ማሰሮውን ከነአበባው ገለበጠው፤ የተቀበረውም ቆርቆሮ ወጥቶ ከጀግናው እግር ሥር መጥቶ ቆመ። ማንም አያያቸውም ነበር፤ በዚያ አቧራ ውስጥ የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። አነሡት። ከፈቱት። ድብልብሏን ሠርተው ከንፈራቸውን ገለጡ፤ እንደ ልማዳቸውም የምትቀመጥበትን ቦታ በምላሳቸው ፈለጉ። ዘወትር ምላሳቸው የሚያውቃትን ያችን ሻካራ ቦታ አጧት። እንደገና ፈለጉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤ ቦታው ለስላሳ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ድብልብሏ ከጣታቸው ወድቃ አቧራው ወሰዳት፤ ጀግናውም በበሩ ምሰሶ ተደግፈው አለቀሱ። ከሀቡቡ በኋላ ዓይናቸው ለምን እንደቀላ ሲጠየቁ አቧራ ነው አሉ፤ ሁሉም አመናቸው፤ የሁሉም ዓይን ቀልቶ ነበርና።

አርባው ቀን ተፈጸመ። በአርባ አንደኛው፣ በሰኔ ሚካኤል፣ በዕለተ እሑድ፣ ዛሂራ መጥታ በመስተዋቷ አየች፤ ነጩ የለም። ወረቀቱን ምራቃቸው ላይ አደረገች፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጅቱ ከደስታዋ የተነሣ እልልታ ጀመረች፤ በሱዳኑና በወሎው መሐል የሆነ እልልታ ነበር፤ ዳቦ አዟሪው ግን ሠርግ መስሎት ተቀብሎ አገዛት። ከዚያም ወረቀቷን ገለበጠች፤ ከአርባ በኋላ ምንም አልተጻፈም። የጃሚዓው ጥናት እስከ አርባ ብቻ ነበርና ምን እንደምትል ቸገራት።

በዚያም ሰዓት ኑርሁሴን ረክሻውን አቁሞ ወረደ፤ በእጁም በቄጠማ የተሸፈነ ሳህን፣ በሳህኑም ላይ ሎሚ የምታህል አንዲት ድብልብል ነበረች። ወንድሙ ብቻውን ሲዋጋ ማየት ከብዶት፣ ብቻውንም ሲወድቅ አፍሮ ስለ ነበር፣ እንኳን አደረሰህ ብሎ ሊያስፈስከው ከልቡ ደስ ብሎት መጣ። ሕዝቡም ከበበ። ጀግናው ድብልብሏን አዩ፤ ወደዷት፤ ይህ አይካድም። እጃቸው ተዘረጋ። ያን ጊዜ መዲና ማንኪያዋን በብርጭቆ ላይ አንኳኩታ ሁለተኛ ዐዋጇን ነገረች፦

«ቆይ ኑርሁሴን፣ እጅህን ሰብስብ! ጾም ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አይደለሁም። ጾም ከሆነ በሕጉ ይሁና። መጀመሪያ ላይ ዐሥር ቀን ተበልቷል፤ ዶክተሯ ቆማ ስትጮህብን ሰምታችኋል። ጾም የበላ ሰው ቀዷ አለበት፣ ቀን በቀን ይመልሳል። ጋሽ ያረጋል ዐሥር ቀን ይቀረዋል። ዒድ የለም። ሻይ የሚፈልግ ይቀመጥ፣ ያላ።»

ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ ክርስቲያኖቹም ከጎረቤት ጋር ሲኖሩ ቀዷን ያውቁታል። ጀግናውም የተዘረጋ እጃቸውን ሳይሰበስቡ ብዙ አሰቡ፤ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ፤ በመጨረሻም በዘመናቸው የነገሩትን አንድ ዐዋጅ ነገሩ፦

«እኔ ያረጋል እንዲህ እላለሁ። ዐሥሩን ቀን እመልሳለሁ። የቅበላውን ሳምንት እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ። ግን ይሄ ነገር ለከንፈሬ ክልክል የሆነው ዛሂራ የመጣች ቀን አይደለም፤ ድሮም ክልክል ነበር፣ አላወቅሁም እንጂ። እንግዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሰባቴ ስገድፍ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ቀን በቀን ሳልመልስ አላፈስክም። ዛሬ አንዱን ጀምሬአለሁ። ኑርሁሴን ወንድሜ፣ ሳህኑን አንሣልኝ፤ እጄ ገና እንደ ተዘረጋ ነው።»

ኦ አኃው፣ የዚህን ነገር ጥበብ አስተውሉ። ለዘላለም ተው ቢባሉ ኖሮ ያን ዕለት ይወድቁ ነበር፤ ዘላለም ለአንድ ዘበኛ በጣም ረጅም ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ግን የዛሬን ይከፍላል፣ ነገ ደግሞ የነገን፤ ፋሲካውም በሩቅ ይሁን እንጂ አለ። ኑርሁሴን ሳህኑን አነሣ፤ በማግስቱ ጠዋትም መዲና ፊት ተቀምጦ የራሱን ቀዷ እንድታሰላለት ለመናት፤ እርሷም የእርሱ ድብልብል የያረጋልን እጥፍ ነበርና አሰልታ ሃያ ሁለት ዓመት ብትለው ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ዛሂራም ለጃሚዓው በጻፈችው መዝገብ፣ ተሳታፊው ከጥናቱ በኋላ ለምን ቀጠለ በሚለው ቦታ ቀዷ ብላ ጻፈች፤ ሐኪሞቹ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ብለው እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ ይባላል።

ይደልዎ ክብር ወውዳሴ ለያረጋል ዐቃቤ ኆኅት፣ ድል አድራጊ ዘማንሺያ፣ ጦር ሳይዙ፣ ሠራዊት ከድቷቸው፣ በአንዲት ቅርንፉድ የተዋጉ፣ ቀን በቀን የሚያሸንፉ፣ ነገም ገና የሚዋጉ! ሰላም ለከናፍሪከ፣ ነጩ ምልክት ለጠፋባቸው፣ ከመቀስ ለተረፉ፣ በሀቡብ መሐል ለተዘጉ። ኤደን ሆይ፣ ጉንጭሽን ታጠቢ፤ አባትሽ በሙሉ ከንፈሩ ይመጣል።